አስቱ፣ ጌጁ ተሠራ

ለምህረት እናት፣ ለባለቤቴ ለአስቴር፤

ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ፣ ከዚያም ወንዙ ሐይቁ ውስጥ እስኪገባ ድረስ፣ እንደኔ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አልተወለደም። እሺ፣ ተወልዶ ሊሆን ይችላል። ግን በማታው መሠረተ ትምህርት ክፍላችን በእኔ ወንበር ላይ ከሚቀመጡት ውስጥ የለም። አብሮኝ የሚቀመጠው ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ሰሞኑን ስለቀረ ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ከተለየሽኝ ወዲህ ወንዙ ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ጎድሏል። አየሽ፣ ይህን የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ፤ ማንንም አላስጻፍኩም። አንቺ አራተኛ ክፍል ደርሰሽ ስለነበር የቤቱን ንባብ ሁሉ ላንቺ ትቼ፣ ሁለት ሰው አንድ ወረቀት ላይ ምን ያፈጥጣል እያልኩ ስቀልድ ኖርኩ። ስትሄጂ ግን ወረቀቱ ላይ የሚያፈጥጥ ሰው ጠፋ። መጀመሪያ መጻፍ የቻልኩት ስምሽን ነው። አራት ፊደል ብቻ መሆኑ ገረመኝ፤ እኔ አንድ ገጽ የሚፈጅ መስሎኝ ነበር።

መምህራችን ለምትወዱት ሰው ደብዳቤ ጻፉ፣ ያማረው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል ብሎናል። ስለዚህ ይህን ሰው ሁሉ ያነበዋል፤ ቅር አይበልሽ። ማንኮራፋትሽን አልጻፍኩም።

ምህረት ጂንካ ሥራ ይዛለች። በስልክ ስትቆጣኝ ድምጿ ያንቺው ነው፤ አንዳንዴ እንድትቆጣኝ ብዬ ምሳ በልቼ ሳለ ሳልበላ ዋልኩ እላታለሁ። ጣሪያውን እጠግነዋለሁ ያልኩሽ አሁንም ያፈስሳል። ኦሞራቴ ዝናብ ስለማይበዛ ግን እስካሁን ማንም አላወቀብኝም።

ትልቁ ወሬ የጀልባው ነው። ጌጁ ተሠራ።

አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ግድግዳው ላይ ለሚያነበው ሰው ላስረዳ። የጀልባችን ሞተር ያለው ከውስጥ፣ ከኋላ በኩል ነው። ከሱ ወደ ውጭ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የሚገባውን እግር እንለዋለን፤ ውሃውን እየቀዘፈ ጀልባውን የሚገፋው ፕሮፔለር የሚዞረው እሱ ላይ ነው። ውሃው ሲጠልቅ እግሩ ይወርዳል፣ አሸዋው ሲቀርብ ይነሣል። እኔ ከፊት መሪ ይዤ እግሩን አላየውም። የሚነግረኝ መሪው አጠገብ ያለው ጌጅ ነበር፤ መርፌው ወደ ላይ ካመለከተ እግሩ ተነሥቷል፣ ወደ ታች ካመለከተ ወርዷል። መርፌው ግን አንድ ቦታ ላይ ደርቆ ከቀረ ስንት ዘመኑ።

ጌጁ አንቺ ነበርሽ። ከጂንካ ያስመጣሽውን የቡና ገለፈት፣ አፍልተው ለሚጠጡት ታች ላሉት መንደሮች ልትሸጪ ስትሳፈሪ፣ ሞተሩ ሳጥን ላይ ፊትሽን ወደ ኋላ አዙረሽ ትቀመጪና እግሩን ታዪልኝ ነበር። ሞተሩ ስለሚጮኽ ድምፅሽ አይሰማም፤ ገለፈቱን በምታማስይበት ማማሰያሽ ሳጥኑን ትመቻለሽ። አንዴ ከመታሽ አንሣ ነው፣ ሁለቴ ከመታሽ አውርድ። ሳልሰማሽ ስቀር ማማሰያው ትከሻዬ ላይ ያርፋል። ያኔ የዳሰነች ሽማግሌዎች ጀልባውን እሱ ይነዳል፣ እሱን ደግሞ ሚስቱ እያሉ ሲስቁ፣ እኔም ነጂው እኔ ነኝ፣ እሷ ከበሮ ትመታልኛለች እላቸው ነበር። ጌጁን ላሠራው ስልሽ፣ እኔ አለሁ አይደል ወይ ትይኝ ነበር። አለሽ ብዬ ተውኩት።

ካንቺ በኋላ በግምት ነዳሁ። ግምቴ ሁልጊዜ ልክ ነው፤ የሚሳሳተው ወንዙ ነው። መጀመሪያ ውሃው ሲጎድል አሸዋ ላይ ወጣሁና ፕሮፔለሩ ተሸራረፈ፤ ሰው ከነፍየሉ ወርዶ ገፋ። በሁለተኛው ጉድለት ግን ያሳፈርኩት ምጥ የያዛት ሴት ነበረች። እኛ ወርደን ስንገፋ እሷ ከውስጥ ታቃስት ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን በደህና ደረሰች። እኔ ግን የዚያን ቀን መቀለድ አቃተኝ።

ይህን የሰማው የጀልባው ባለቤት ጋሽ ታረቀኝ፣ "ለካ ጀልባዬን ስትነዳ የኖረችው አስቴር ናት! አንተማ መሪ ጨብጠህ ስታወራ ነበር። ወይ ጌጁን ሥራ፣ ወይ ቁልፌን አምጣ" አለኝ። ቁልፉን ማስረከብ ከበደኝ፤ ጌጁን መሥራት ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ከበደኝ። ጌጁ ከተሠራ ከዚያ ጀልባ ለሁለተኛ ጊዜ የምትወርጂ መሰለኝ።

መቃብርሽን ለማየት ወደ ጂንካ ስወጣ ጌጁን ፈትቼ በኮቴ ኪስ ይዤ መጣሁ። አጠገብሽ ስቀመጥ ጎኔን ሲወጋኝ የቆየው እሱ ነው። ከዚያ ባጃጅ ለሚሠራ ኤሌክትሪሻን ወስጄ አሳየሁት። ባትሪ ላይ አሰረና አንዷን ሽቦ ብረት ሲያስነካት መርፌው ከዳር እስከ ዳር ዘለለ። "ይሄማ ምንም አልሆነ" አለኝ። "የሚነግረው ነው ያጣው።" እሱ የተናገረው ስለ ሽቦው ነው። እኔ ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆሜ አለቀስኩ። ባጃጁን ሊያሠራ የመጣ ሰውዬ ሂሳብ የበዛብኝ መስሎት፣ "ኧረ አባቴ፣ ይቀንስልሃል" ብሎ አጽናናኝ።

ኦሞራቴ ተመልሼ ጀልባውን ዳር አስጠጋሁና እስከ ጭኔ ውሃ ውስጥ ገባሁ። እግሩ ጎን ላይ አንዲት ክብ ነገር አለች፤ እግሩ ምን ያህል እንደተነሣ ለጌጁ የምትነግረው እሷ ናት። ሽቦዋ ላዩ ደህና ነው። ስጎትተው ግን እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። በምላጭ ስሰነጥቀው ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ተበጥሷል፤ እግሩ በተነሣ በወረደ ቁጥር የሚታጠፍበት ቦታ ላይ። የበሰበሰውን ቆርጬ አዲስ ቀጠልኩ፣ ውሃ እንዳይገባው በማስቲሽና በናስትሮ ጠቀለልኩት።

የቀረው ማስተካከል ነው። እግሩን እስከ ታች አውርደሽ፣ የዚያችን ክብ ነገር ብሎን በካቻቢቴ አላልተሽ፣ መርፌው ታች እስኪደርስ ታዞሪያታለሽ። የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ከኋላ ያዞራል፣ አንዱ ከፊት መርፌውን እያየ በቃ ይላል። ሰው አልጠፋም። ግን በዚያ ጀልባ ላይ ሌላ ሰው በቃ ሲለኝ መስማት አልቻልኩም። ጌጁ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ የተኛ ስለሆነ ከኋላ አይታይም፤ ስለዚህ ያቺን ቀይ ክብ መስታወትሽን አምጥቼ ከበላዩ፣ ከጀልባው የጥላ ዳስ እንጨት ላይ፣ አዘንብዬ አሰርኳት። ውሃ ውስጥ ቆሜ በመስታወትሽ እያየሁ አዞርኩ። መርፌው ታች ደረሰ። እንዲህ ያለ ባለሙያ የት ይገኛል ብዬ ብሎኑን አጠበቅሁ።

ወጥቼ ጌጁን ሳየው መርፌው ወደ ላይ አንጋጧል። እግሩ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ጌጁ ሰማይ ወጥቷል ይላል! ለካ መስታወት እንደኔ ነው፤ ያየውን ሁሉ ያወራል፣ ግን ገልብጦ። ሳቄ መጣ። ካንቺ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። እየሳቅሁ ላሳይሽ ዞር አልኩ።

ብሎኑን እንደገና ፈትቼ፣ በዚህ ጊዜ መርፌው መስታወትሽ ውስጥ ላይ እስኪደርስ አዞርኩ። ተስተካከለ።

በመጀመሪያው ጉዞ ጀልባው ሰው ሞልቶ ነበር። ያንቺን ቦታ ግን፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ሁሉም እያለፉ ባዶውን ተዉልሽ። እዚያች ሴትዮዋ ያቃሰተችበት አሸዋ ጋ ስንደርስ እግሩን አነሣሁ፣ መርፌውም አብሮ ተነሣ፣ ሳንነካው አለፍን። ጋሽ ታረቀኝ ቁልፉን ዳግም አልጠየቀኝም። ማማሰያሽ መሪው ሥር ናት። ጌጁ ልክ ነው፤ ቢሆንም ይህን ወንዝ እስከነዳሁ ድረስ አሸዋ በቀረበ ቁጥር መጀመሪያ ጆሮዬን አቆማለሁ፣ መርፌውን የማየው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቃል እሰጥሻለሁ።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል ስለተባለ እንዲያምር ብዬ ነው። ቦታሽን ማንም አልተወልሽም። ሰው ደክሞት ነው የሚሳፈረው፤ ቦታ ካየ ይቀመጣል። ሳትሸጪው የቀረውን የገለፈት ጆንያ ጠዋት ጠዋት ተሸክሜ እዚያ ላይ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። አንሣልን ሲሉኝ፣ የሰው ዕቃ ነው፣ ባለቤቷ ወደፊት ትሳፈራለች እላቸዋለሁ።