በቡሬ አያልፍም

ሰኞ፣ መጋቢት 14

ሱቅ ከፈትኩ። ጨው፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ሳሙና... እንደ ወትሮው። ዒዱም አለፈ፤ ያለ ልጄ፣ ያለ ዓፊፋ፣ የመጀመሪያው። አለፈ፣ ምን ይደረግ።

ጎረቤቴ ደስታነሽ መጣች። ደግሞ ጀመረች። «ልጅሽ መልአክ ነበረች እኮ። አንድ ቀን ክፉ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።» አያውቅም? በየትኛው ቤት ነው ያደገችው እሷ? ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ የቡሬ ሰው ሁሉ አንዲት ሴት ሊያስተዋውቀኝ ይመጣል። የማትቆጣ፣ የማትቸኩል፣ የማትሳሳት። ይህችን ሴት አላውቃትም። አልወለድኳትም። አሜን ብዬ ጨው ሰፈርኩላት።

አብዱሰመድ «ከምታጉረመርሚብኝ ጻፊው» አለኝ። ባሌ ምክር ሲያውቅ! ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ እምብዛም ያልያዝኩትን እስክሪብቶ ይኸው ያዝኩ። እጄ ቀስ ይላል። ይበል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 16

በዓፊፋ ወንበር የተተካው ልጅ መጣ። ጌታሁን ይባላል፤ የባሕር ዳር ልጅ ነው። ጫማው ነጭ። በቡሬ አቧራ ነጭ ጫማ! ሁለት ቃል አማርኛ፣ ሦስት ቃል እንግሊዝኛ።

የዓፊፋ መሥሪያ ቤት ነገር የአገር ወሬ ሆኗል። የአትክልት ማኅበራት ኅብረት ነው። የቆጋ መስኖ ገበሬዎች ሽንኩርታቸውን መራዊ ላይ ይመዝናሉ። መጋዘኑ እኛ ዘንድ፣ ቡሬ ነው። መኪና የሚያሰማራው ፍኖተ ሰላም። የመራዊን ሚዛን ፍኖተ ሰላም በኮምፒውተር ያይና መኪና ይልካል። ሦስቱን ያገናኘች ልጄ ናት። አሁን ፍኖተ ሰላም የመራዊን ሚዛን አያይም። ምንም። መኪና አይሄድም። ሽንኩርቱ ማሳ ዳር ተቆልሎ ቀርቷል። ፋሲካ ደርሷል... የክርስቲያኑ ዶሮ ያለ ሽንኩርት ሊሠራ ነው?

«ስልክ የላቸውም?» አልኩት።

«ይደዋወላሉ እማማ፤ ግን ይሰዳደባሉ። አንድ ጊዜ በቃል ብቻ የተላከ መኪና ባዶውን ስለተመለሰ፣ ፍኖተ ሰላም በኮምፒውተር ያላየውን አይቀበልም።»

ሁሉም ነገር ደመና ላይ ነው ይለኛል ደግሞ። ዓፊፋ ነግራኛለች፤ ደመና የሚሉት ባሕር ማዶ ያለ የሰው ማሽን በኪራይ ነው። ታዲያ ኪራይ ቤት ነው አይሉም? ያሳፍራቸዋላ።

«ልጄ እያለች አንድ ቀን ተቋርጦ ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«አያውቅም» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ታዲያስ!

ዓርብ፣ መጋቢት 18

የኅብረቱ ሊቀመንበር አቶ ክንፈሚካኤል ከፍኖተ ሰላም መጡ። አልገቡም። ሰው እንዲሰማ ከሱቁ በር ላይ ቆመው ተናገሩ። «ወይዘሮ ሳቢሃ፣ በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ጠቅላላ ጉባኤ አለን። ለሟች የምስጋና ወረቀት አዘጋጅተናል። በመስታወት። ‹እንከን ለሌለው ሥራዋ› ይላል።»

«ያ ልጅስ?» አልኩ።

«ጌታሁን? እሱንማ በዚያው እናሰናብተዋለን። ባለሙያ መሳይ! የሷን ሥራ አበላሽቶ...»

ደስ አለኝ። ለራሴ ነው የምጽፈው፤ ደስ አለኝ።

በመስታወት! ዓፊፋ በሕይወት እያለች የተሰበረ ወንበር እንዲቀየርላት ስንት ወር ለመነች። ለሙት ግን መስታወት አለ።

እሑድ፣ መጋቢት 20

ከመራዊ የመጣ ሾፌር ሲጋራ ሊገዛ ገባ። «ሽንኩርቱ በስብሶ መንገዱ ሁሉ ይሸታል፣ እንደ ሬሳ» አለ። በእኔ ፊት። ሲጋራ የለም አልኩት፤ ከጀርባዬ ተደርድሮ እያየው።

ሰኞ፣ መጋቢት 21

ጌታሁን ደግሞ መጣ። ሳልጋብዘው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። የሳሙና ካርቶን ገልብጦ ሦስት ግቢ ሳለ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ለማንም አልናገርም። ይኸው፣ ሦስቱ ማኅበራት ደመናው ላይ የየራሳቸው ግቢ አላቸው። ዓፊፋ በመራዊና በቡሬ መሐል በር ከፈተች። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መሐልም ከፈተች። ፒሪንግ ይባላል።»

«ደግ አደረገች!»

«ደግ ነው። ግን በሩ ለሁለቱ ጎረቤቶች ብቻ ነው። ከመራዊ የተነሳ ቡሬ ይገባል፤ በቡሬ አቋርጦ ግን ፍኖተ ሰላም አይደርስም። መሐል ያለው፣ ሌላ ማሽን ካልተጨመረለት አያሳልፍም። እሷ ደግሞ አልጨመረችም።»

«ምን ዓይነት ጎረቤት ነው እሱ?» አልኩ። «መኪናውስ ከመራዊ ተነስቶ በቡሬ አይደል ፍኖተ ሰላም የሚደርስ? እኛስ በሰው ግቢ አቋርጠን አይደል ገበያ የምንወርድ? የከለከለን አለ?»

«እሷም እንደዚያ ያሰበች ይመስለኛል» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ገዢ ሳይኖር ጨው መስፈር ጀመርኩ።

«ስለዚህ መንገዱ አልተቋረጠም እማማ። ከመጀመሪያውም አልነበረም። ታዲያ አምና የመራዊ ሚዛን ፍኖተ ሰላም እንዴት ይደርስ ነበር? እሱ ነው ያልገባኝ።»

እኔ ገባኝ። ወዲያው። በየማለዳው ከሱብሒ ሰላት በኋላ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ... ከአንዱ ትገለብጣለች፣ ወደ ሌላው ትልካለች። «ቢሮሽ ገና ሳይከፈት ምንድን ነው እሱ?» ስላት፣ «ትንሽ ነገር ናት እማ፤ አስተካክላታለሁ» ትለኝ ነበር። ጥድፊያ! ሁልጊዜ ጥድፊያ! ስህተቷን አውቃዋለች። አፍራ ለማንም ሳትናገር፣ በእጇ ስታቀብል ከርማለች።

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት ጌታሁንን። ካርቶኑን ቀድጄ ጣልኩት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 23

ልናገር? ለምን ብዬ? የሞተ ሰው ከስሙ ሌላ ምን አለው?

ጌታሁን የማን ስህተት እንደሆነ ያውቃል። ዝም ብሎ ሊባረር ነው። ዛሬ በመንገድ አግኝቼው «አትናገርም እንዴ?» ስለው «ሙት አይወቀስም እማማ» አለኝ። ጨዋ መሆኑ ነው። ጨዋነቱ አናደደኝ። ነጭ ጫማውን አድርጎ ይሂዳ! እኔ ምን ቸገረኝ...

አብዱሰመድን አማከርኩት። «እንደ ልብሽ» አለ። ሲፈለግ ምክር የለውም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 26

ከፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። እግሬ አብጧል።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ስብሰባው በስድብ ተከፈተ። የቆጋ ገበሬዎች ሰብሳቢ አያ ያረጋል ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተነሱ። «እየመዘንን፣ እየላክን፣ አላየንም ይሉናል። ዓይናቸው ጠፍቶ ነው ወይስ ንቀው? ሽንኩርታችን ሲበሰብስ ይስቁብናል!»

«ሳትመዝኑ መዘንን እያላችሁ!» አሉ አቶ ክንፈሚካኤል።

ጌታሁን ተነሳ። ከመባረሩ በፊት አንድ ነገር ልናገር ብሎ። መራዊና ፍኖተ ሰላም በቀጥታ በር ይክፈቱ አለ። ግን አንዱ ወገን ብቻውን አይከፍተውም፤ ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው አለ።

«ለእነዚህ? በሬን ልክፈት?» አሉ አያ ያረጋል። «እንደ ወትሮው በቡሬ ይሂድ! እኛ የምናምን ያችን ሟች ነው። የሷን ሥራ ማንም አይነካውም!»

ጭብጨባ ሆነ። ለልጄ እኮ ነው የሚያጨበጭቡት። በስሟ ሽንኩርት እያበሰበሱ።

ከዚያ እኔን ጠሩኝ። መስታወቱን አስያዙኝ። ከባድ ነው። ‹እንከን ለሌለው ሥራዋ...› ማንበብ ላይ ቀስ እላለሁ። ሁሉም ጠበቀኝ።

«ውሸት ነው» አልኩ።

አቶ ክንፈሚካኤል «ሐዘን ነው፣ ሐዘን ነው» እያሉ ክንዴን ያዙ። «ይልቀቁኝ!» አልኳቸው።

«ልጄ ተሳስታለች» አልኩ። «በቡሬ ያልፋል ብላ ነበር። አያልፍም። አልፎም አያውቅም። ስህተቷ እንዳይታወቅ በየማለዳው በእጇ እየገለበጠች ስታቀብላችሁ ኖራለች። አያ ያረጋል፣ እርስዎ መዝነው ልከዋል። አቶ ክንፈሚካኤል፣ እርስዎም አላዩም። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። የደበቀች እሷ ናት። ይህ ልጅ ያበላሸው የለም። አሁን በራችሁን ክፈቱ፤ የምታቀብላችሁ ሴት የለችም።»

አያ ያረጋል «እንግዲያ አልናቁንም» አሉ። «ኧረ አልናቅንም» አሉ አቶ ክንፈሚካኤል፣ እግራቸውን እያዩ። ትልልቅ ሰዎች! ጨዋታ ላይ እንደተጣላ ሕፃን።

መስታወቱን ወንበር ላይ ትቼው ወጣሁ።

ምን አደረግኩሽ፣ ዓፊፋ?

ማክሰኞ፣ መጋቢት 29

ሁለቱም ፈቀዱ። በሩ ከመራዊም በኩል፣ ከፍኖተ ሰላምም በኩል ተከፈተ። ሚዛኑ ታየ። መኪኖቹ በሱቄ ፊት ሽቅብ ወደ መራዊ አለፉ። ገሚሱ ሽንኩርት ተደፍቷል፤ የቀረው ለፋሲካ ይደርሳል አሉ።

ጌታሁን ሊያበስረኝ መጣ። አልተባረረም። «አሁን ቀጥታ ነው እማማ፣ ቡሬ መሐል ላይ አታስፈልግም!» አለ ደስ ብሎት። ወዲያው ያለው ነገር ገባውና ደነገጠ።

«ሂድ ወዲያ» አልኩት። ለጫማው ሳሙና ሰጠሁት። በነፃ አይደለም፤ በዱቤ።

ማለዳ ላይ ማንም አይጠብቃትም እንግዲህ...

ዓርብ፣ ሚያዝያ 9

ደስታነሽ ዘግታኛለች። «የገዛ ልጇን ስም አጠፋች» ትላለች አሉ። ትበል። ጨው ከሌላ ትግዛ።

ዛሬ አያ ያረጋል ከመራዊ መጡ፤ አንድ ጆንያ ሽንኩርት አሸክመው። ሱቁ ውስጥ ተቀመጡ። ደግሞ ሊያወድሱልኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«አንድ ነገር በሆዴ ይዤ ነበር» አሉ። «የሟች ክፉ አይነሳም ብዬ። እርስዎ እንዲያ ከተናገሩ ወዲያ ግን...»

«ይናገሩ።»

«አምና አንድ ማለዳ ደወለችልኝ። ሚዛኑን አርፍደን ልከን ነበር። ሰደበችኝ።»

«ዓፊፋ?»

«ዓፊፋ።»

«ምን ብላ?»

«ይቅር፣ ይተዉት።»

«አይቀርም!»

ጢማቸውን አሻሹ። «‹አያ ያረጋል፣ የበሰበሰው ሽንኩርቱ አይደለም፤ እርስዎ ነዎት› አለችኝ። በአንቱታ እኮ ነው! ከዚያ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።»

ሳቅ አፈነኝ። ከየት እንደመጣ እንጃ። ሚዛኑ ላይ ተደፋሁ። ድምፅዋ እንዳለ መጣልኝ፤ ያ ቁጣዋ፣ ያ ችኮላዋ... አብዱሰመድ የማለቅስ መስሎት ከጓሮ ሮጦ ገባ። አያ ያረጋል ደንግጠው ተነስተው ቆመዋል።

«ይቀመጡ» አልኳቸው። «ይድገሙት። እሱም ይስማ።»