የሙያ ክፍተት ከሌለባት ጉሮሮ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሽመክት አድማሴ
የ«ቀስተ ደመና» የጥበብ ባለሙያዎች አነስተኛ ድጋፍ ፈንድ ሥራ አስኪያጅ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ጉንፋን አልነካዎትም? የእንጅባራ ብርድ ሹመት አይቶ የሚመለስ ስላልሆነ፣ አንገትዎን በፎጣ ጠቅለል አድርገው እንዲወጡ፣ ከስብሰባ በፊት ለብ ያለ ውሃ እንዲጠጡ፣ በተለይም ዝናብ ላይ ቆመው በከፍተኛ ድምፅ እንዳይናገሩ በትሕትና አሳስባለሁ። ጉሮሮ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ከድምፄ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን ጉዳይ በአካል ቀርቤ ባስረዳዎ ይሻል ነበር፤ ሞክሬም ነበር። ሆኖም ሐኪም ለሦስት ወር አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ፣ በሹክሹክታም ቢሆን እንዳልናገር ስላዘዘኝ፣ ጉዳዬን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ለቢሮዎ ጥበቃ ሳሳየው፣ መነጽሩን ቤቱ ረስቶት ኖሮ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዳስረዳው በጨዋ ደንብ ጠየቀኝ። ሰውዬው አላጠፋም፤ ሥራውን ነው የሠራው። እኔም ለእርስዎ ብቻ ልነግርዎ ያሰብኩትን ነገር አገር በሚያነበው ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደድኩ፤ ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እኛን ለማያውቁ አንባቢዎች ስል ትውውቃችንን ባጭሩ ላስታውስ። እኔ እንቁ ደረሰ፣ የቆሰበር ልጅ፣ በአዊኛና በአማርኛ የምዘፍን ድምፃዊት ነኝ። እርስዎ ደግሞ የፈንድ ሥራ አስኪያጅ ከመሆንዎ በፊት የኪነት ቡድናችን ከበሮ መቺ ነበሩ፤ ጥሩ ከበሮ መቺ ነበሩ፣ ይህን ስል አልቀልድም። መምህራን ኮሌጅ ልገባ ሻንጣዬን ባዘጋጀሁበት ሰሞን እናቴ ቤት መጥተው፣ ምሳ በልተው፣ ይህች ልጅ ጠመኔ ይዛ ብትቀር ለአገር ኪሳራ ነው፣ ለእኔ ይስጡኝ፣ እንደ ታናሽ እህቴ እጠብቃታለሁ ብለው እናቴን ያግባቧት እርስዎ ነዎት። እናቴ ሰው ታምን ስለነበር አመነችዎት። እኔም ሻንጣዬን ፈትቼ በማግስቱ ልምምድ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ያልዘፈንኩበት ቦታ የለም። ዳንግላ ላይ በአይሱዙ ጭነት ላይ ቆሜ ዘፍኛለሁ፤ አዲስ ቅዳም ላይ ከሰል በሚጫንበት ሜዳ፣ አቧራው አፍና አፍንጫዬን እየሞላው ዘፍኛለሁ፤ ጥር በመጣ ቁጥር በአዊ ፈረሰኞች በዓል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር በከተማው መግቢያ ዘፍኛለሁ። ጄኔሬተሩ በጠፋ ቁጥር ማይኩን ትቼ በባዶ ጉሮሮዬ ስቀጥል፣ እርስዎ ከጎኔ ሆነው ከበሮውን ዝቅ ያደርጉልኝ ነበር፣ ድምፄ እንዳይዋጥ። ያን ጊዜ ጋሼ ሽመክት ነበር የምልዎት። ሲሾሙ፣ በቃ የራሳችን ሰው ተሾመልን ብዬ እልልታውን ያቀለጥኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ እልልታ ላይ ትንሽ ቆጥቤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይጠቅመኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ። በቢሮዎ በተራ ቁጥር ያልቀረበ ነገር እንደማይነበብ ስለማውቅ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

1ኛ. ስለ አድናቆትዎ አመሰግናለሁ። ፈንዱ የጥበብ ሰዎች በሙያቸው የጎደላቸውን እንዲማሩበት አነስተኛ ድጋፍ እንደሚሰጥ ባስታወቀ ጊዜ፣ እንዳመለክት የመከሩኝ እርስዎ ራስዎ ነበሩ። ድምፄ ጠዋት ጠዋት መሻከር ጀምሮኝ ነበር። ባሕር ዳር ወይዘሮ ሶስና የሚባሉ፣ ለዘፋኞች የትንፋሽ አያያዝንና ጉሮሮን ሳይጎዱ መዝፈንን የሚያስተምሩ ሴት መኖራቸውን ሰምቼ፣ እሳቸው ዘንድ ስድስት ሳምንት እንድማር የመሳፈሪያ፣ የማደሪያና የትምህርት ክፍያ ጠየቅሁ። ሌላ የጠየቅሁት ነገር የለም። በእርስዎ ፊርማ የደረሰኝ መልስ፣ አመልካቿ በዞኑ አንጋፋና ብቁ ድምፃዊት በመሆናቸው የሙያ ክፍተት የለባቸውም፣ ድጋፉ ደግሞ የሙያ ክፍተት ላለባቸው ብቻ የሚውል ነው የሚል ነበር። እንዲህ ያለ ሙገሳ በዕድሜዬ አግኝቼ አላውቅም። ደብዳቤውን ለቡድናችን ተወዛዋዥ ለወርቅአየሁ ባሳየው፣ እንኳን ደስ ያለሽ ልበል ወይስ አይዞሽ ብሎ ግራ ተጋባ።

2ኛ. ለድጋፉ ትክክለኛውን ባለቤት ስላገኙለት አመሰግናለሁ። የኮሚቴው አባላት፣ ማለትም እርስዎ፣ የሒሳብ ኃላፊው፣ የንብረት ክፍሉ፣ ጸሐፊውና ሾፌሩ፣ በዚያው ዙር ገንዘብ ለልምድ ልውውጥ ቢሾፍቱ ደርሳችሁ መመለሳችሁን በፌስቡክ ገጻችሁ ላይ ተመልክቻለሁ። እርስዎ ከበሮውን ከተዉ ወዲህ ከመካከላችሁ አንድ ዘፋኝ፣ አንድ ሠዓሊ፣ አንድ ተዋናይ ስለማይገኝ፣ በዞናችን ከእናንተ የባሰ የሙያ ክፍተት ያለበት ሰው እንደሌለ እኔም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ድጋፉ ለሚገባው ደርሷል። ያልገባኝ የሐይቁ ነገር ብቻ ነው። የጉዞው ዓላማ በእሳተ ገሞራ ሐይቅ ዳር ጥበብ እንዴት እንደሚለማ ማየት ነው ተብሎ ተጽፏል። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ያው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ የሆነው ዘንገና እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ጥርባም እንዲሁ። ምናልባት ትምህርቱ ከጀልባው ላይ ይሆናል፤ አምስታችሁም ብርቱካናማ ጃኬት ለብሳችሁ ፈገግ ያላችሁበት ፎቶ በጣም ያምራል።

3ኛ. ስለ አቀባበሉ ግብዣ አመሰግናለሁ። ይህኛው ትንሽ ይረዝማልና ይታገሡኝ።

ከጉዞው በምትመለሱበት ዕለት ጠዋት፣ በአቀባበላችሁ ላይ እንድዘፍን ደወሉልኝ። ጤና ጣቢያ ሄጄ እንደነበር፣ ለተወሰነ ጊዜ እንዳልዘፍን ተነግሮኝ እንደነበር፣ ምራቄን ስውጥ እንኳን እንደሚያመኝ ነገርኩዎ። እርስዎም እንቁዬ፣ እህቴ፣ የዛሬን ብቻ ከጉድ አውጪኝ፣ ትልልቅ እንግዶች አብረውን አሉ፣ ሁለተኛው ዙር ያንቺ ነው፣ ካላደረግሁት በእናትሽ ነፍስ ይፈረድብኝ አሉኝ። በእናቴ ነፍስ የማለልኝን ሰው እምቢ ማለት ስላልተማርኩ እሺ ጋሼ አልኩ። ስልኩን ሳልዘጋው የባህል ቀሚሴን ፍለጋ ተነሣሁ።

ግንቦት ነበር፤ ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። ጄኔሬተሩ እንደ ልማዱ ጠፋ። ሕዝቡ፣ የመኪናው ጡሩምባ፣ ዝናቡ፣ ሁሉም ይጮኻል፤ እኔም ከሁሉም በላይ መጮኽ ነበረብኝ። ዘፈኑ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ክር ብጥስ አለ። አፌ ተከፍቶ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ከዚያ ደም ደም አለኝ። ሕዝቡ ሆን ብዬ ያቆምኩ መስሎት አጨበጨበ፤ አያውቅምና አልቀየመውም። እርስዎ ግን ከፊት ነበሩ፤ ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ስንት ዓመት ከጎኔ ሆነው የመቱ ሰው፣ ትንፋሼ የት ጋ እንደሚያልቅ ከእኔ በላይ የሚያውቁ ሰው፣ ምን እንደሆንኩ በዚያች ቅጽበት አውቀዋል። ፊትዎ ሲለወጥ አይቻለሁ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞር ብለው እጅዎን ከፍ አድርገው ማጨብጨቡን ቀጠሉ።

ባሕር ዳር ለመሄድ የነበረኝ ምኞትም በዚህ መንገድ ተፈጸመልኝ። ሐኪሙ ጉሮሮዬን በመሣሪያ አይቶ የድምፅ አውታሬ መድማቱን ነገረኝ። ከዝምታው በኋላ መናገር እችል ይሆናል፤ ስለ መዝፈን ግን ቃል መግባት አልፈለገም። ስመለስ ወይዘሮ ሶስና ቤት ጎራ አልኩ። ታሪኬን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው፤ አንብበው ሲጨርሱ፣ ምነው ልጄ፣ ቀደም ብለሽ መጥተሽ ቢሆን፣ ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ተዉት። እጄን ይዘው እስከ መናኸሪያው ሸኙኝ።

አሁን ቤቴ ውስጥ ልጄን የምጠራት በጭብጨባ ነው። አራት ዓመቷ ነው፤ ጨዋታ መስሏት እየሳቀች ትመጣለች። ዘፈን ካልዘፈንኩላት የማትተኛ ልጅ ስለነበረች፣ አሁን ጀርባዋን መታ መታ እያደረግሁ አስተኛታለሁ፤ አንዳንዴ በእጇ ከንፈሬን ልትከፍት ትሞክራለች።

4ኛ. ቃልዎን ስለ መጠበቅዎ አመሰግናለሁ። ሁለተኛው ዙር ሲከፈት እኔ መናገር ስለማልችል ወርቅአየሁ ስለ እኔ ሊያስረዳ መጣ። እርስዎም በትዕግሥት አዳምጠው፣ ጉዳዩ እንደሚያሳዝንዎት ገልጸው፣ ነገር ግን ድጋፉ በሥራ ላይ ላሉ የጥበብ ባለሙያዎች ብቻ ስለሆነ፣ በአሁኑ ወቅት የማትዘፍን ሴት ድምፃዊት ተብላ ልትመዘገብ እንደማትችል አስረዱት። እንግዲህ ስዘፍን ክፍተት የለብኝም፣ ክፍተት ሲኖርብኝ ዘፋኝ አይደለሁም። ፈንዱ ለእኔ የሚሆንበት ቀን በየትኛው ሳምንት ላይ እንደነበር ቢነግሩኝ ደስ ይለኝ ነበር። ወርቅአየሁ ከቢሮዎ ወጥቶ ቤቴ ሲመጣ ሊነግረኝ አፍሮ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የተባለውን የነገረኝ ሊሄድ ሲነሣ ነው።

አምስተኛና ስድስተኛም ነበረኝ፤ ተውኩት። ከዚህ በታች ያለውን ያለ ቁጥር ልጻፈው።

ጋሼ ሽመክት፣ ከድተውኛል። ሌላ የሚያምር ቃል ፈልጌ አጣሁለት። የማላውቀው ሹም ቢከለክለኝ ተበሳጭቼ፣ ተሳድቤ፣ እረሳው ነበር። የእርስዎ ግን አልረሳ አለኝ። ከእናቴ ቤት የወሰዱኝ እርስዎ ነዎት፤ እንጀራዋን በልተው፣ እጠብቃታለሁ ብለው ነው የወሰዱኝ። እናቴ ዛሬ በሕይወት ብትኖርና ልጄን ምን አደረግሃት ብትልዎ የሚመልሱላትን ነገር ለማወቅ በእውነት እፈልጋለሁ። በጣም አዝኛለሁ፤ ከዚያም በላይ በእርስዎ አፍሬያለሁ።

የድጋፍ ጥያቄ ከእንግዲህ አላቀርብም፤ የማቀርበው አንድ ልመና ብቻ ነው። ሰዎች እንቁ የት ጠፋች ብለው ሲጠይቁዎ፣ ከፈንዱ ድጋፍ አግኝታ ባሕር ዳር ለትምህርት ሄዳለች ብለው እንደሚመልሱ ደርሶኛል። የዓመቱ ዘገባችሁ ሽፋን ላይም ፎቶዬ ወጥቷል፤ አፌን ከፍቼ የምዘፍንበት፣ በአቀባበሉ ቀን የተነሣ ነው። ፎቶውን ይያዙት። ትምህርቱን ግን ይተዉልኝ። ጥር ላይ በፈረሱ በዓል ሕዝቡ ስሜን ጠርቶ ሲጠይቅ፣ ድምጿ ተበላሽቶ ቤቷ ተቀምጣለች ብለው እውነቱን ይንገሩት። ሊማር የፈለገ ሌላ ዘፋኝ ካለ፣ ይህን ሰምቶ እናንተ ጋ ሳያመለክት የራሱን መላ ይፈልጋል።

ለፈንዱ ረጅም ዕድሜን፣ ለኮሚቴው መልካም የጀልባ ጉዞን፣ ለእርስዎ ደግሞ ጤናንና ሙሉ ድምፅን እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ውለታዎን በጉሮሮዋ ይዛ የቀረች፣ በመጀመሪያው ዙር ብቁ፣ በሁለተኛው ዙር የለሽ የተባለች፣

አክባሪዎ
እንቁ ደረሰ
ከቆሰበር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ስልክዎ የጥሪ ማሳመሪያ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ይሆንብኛል። ወደ ራስዎ ስልክ ደውለው ስለማያውቁ ረስተውት ይሆናል፤ እስኪያነሱት ድረስ ለደዋዩ የምትዘፍነው እኔ ነኝ፣ ከበሮውም የእርስዎ ነው። የዘፈኑ ዋና ቅጂ ከቡድኑ ኮምፒውተር ጋር ስለጠፋ፣ ያ ድምፅ የቀረኝ እዚያ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጄን ጎረቤት ካደረስኩ በኋላ አንዳንድ ጠዋት እደውልልዎታለሁ። አንድ የማላውቀው ቁጥር እየደወለ ሳነሣው ዝም ይለኛል ብለው ለወርቅአየሁ አማረዋል አሉ፤ ቁጥሬን አጥፍተውት ኖሯል፤ እኔ ነኝ። ሁልጊዜ ዘፈኑ ከፍ የሚልበት ቦታ ጋ ከመድረሱ በፊት ሃሎ ይሉብኛል። ከእንግዲህ ስደውል፣ እባክዎን፣ አያንሱት።