አምስት እግር ያለው በሬ

ሰኞ፣ የካቲት 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሳህራ ዛሬ ክፍል ውስጥ ያላሰብኩትን ጠየቀችኝ።

ሁለት ሳምንት የደከምኩበትን ሥዕል ሰቅዬ ነበር። አራት ካርቶን አያይዤ፣ በከሰልና በቀይ አፈር የሳልኩት። «ሰው ቤት መሥራት ሲጀምር» ይላል ከላይ። ደረጃ ነው፤ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ከታች ዋሻ፣ በዋሻው ግድግዳ ላይ የተሳሉ ላሞች። ከዚያ የጭቃ ጡብ። ከዚያ የባቢሎን ግንብ፣ የግብጽ ፒራሚድ፣ ጫፉ ላይ የአክሱም ሐውልት። የአሦራውያን ቦታ ገና ባዶ ነው። እንዴት እንደኮራሁበት!

ሳህራ እጇን አወጣች። ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ የእኛ ቤት ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው?»

«የእናንተ የትኛው?»

«የከብት አርቢዎቹ። የእነ አያቴ፣ የሀርሺኖቹ።»

ያልኩትን ልጻፈውና ልፈርበት፦ «ፍርስራሽ ያልተወ ቤት ታሪክ ውስጥ ለመግባት ይቸግረዋል።» ልጅቷ ቁጭ አለች።

ዛሬ ጾመ ነነዌ ገባ። ረቡዕ የማስተምረውም ስለዚያችው ስለ ነነዌ ነው። ለተማሪዎቹ ስነግራቸው «የነቢዩ ዩኑስ አገር!» ብለው ተንጫጩ። ለእነሱ ዩኑስ፣ ለእኔ ዮናስ፤ ዓሣው ግን አንድ ነው።

ቤት ስገባ ኤዶ ሀዎ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። አከራዬ ናት። አራት ዓመት አብረን ኖረናል፤ እኔ ብሎኬቱ ቤት ውስጥ፣ እሷ ጓሮ ባለችው ክብ ጎጆዋ። «ኤዶ» አክስት ማለት ነው። እኔ ኤዶ ስላት እሷም መልሳ ኤዶ ትለኛለች። ሶማሌ እንዲህ ነው፤ አክስት የወንድሟን ልጅ «አክስት» ትላለች፣ እናት ልጇን «ሆዮ» ትላለች፣ እናት ማለት ነው። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁን ደስ ይለኛል።

ዛሬ ግን ፊቷ ጠቁሯል። እጄን ይዛ «ኤዶ፣ አቅሌ ሊጠፋ ነው» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «መቼ ጀመረሽ?» አልኳት።

«ቅዳሜ ይጠፋል» አለች።

አቅሉ የሚጠፋበትን ቀን ቆርጦ የሚያውቅ ሰው የት አለ? ይሄው ራሱ ምልክቱ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 7

እናቴንም እንዲሁ ነበር የጀመራቸው። ናዝሬት እያለን መጀመሪያ ቁልፍ፣ ከዚያ የሰው ስም፣ በመጨረሻ እኔን ረሱ። ሊሞቱ ሁለት ወር ሲቀራቸው «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ይሄን ነገር ደግሜ ማየት አልችልም።

ስለ ኤዶ ያስተዋልኩት፦
ባለፈው ሳምንት ሻይ ላይ ሁለቴ ስኳር ጨመረች።
ቁልፏን ስትፈልግ ቆይታ አንገቷ ላይ አገኘችው።
ከፍየሏ ጋር ታወራለች። (ይሄ እንኳ የቆየ ነው።)

ጠዋት እንደገና አዋየችኝ። «እናቴ የሰጠችኝ ነው። ስንት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ልጄ ነው የሚያጠፋው። ለፋራህ ንገሪው፣ አንቺን ይሰማል።» እንባዬ መጣ። ልጅ የእናቱን አቅል የሚያጠፋው በሐሳብ ነው፤ እሷ ደግሞ አቅሏን የእናቷ ስጦታ ነው ትላለች።

ሱቅ ሄጄ ቶጎጫሌ ደወልኩ። ፋራህ አንድያ ልጇ ነው፤ እዚያ ድንበር ላይ ይነግዳል። «እናትህ ራሷ ናት የነገረችኝ፤ አቅሌ ሊጠፋ ነው ብላለች» አልኩት።

«ነገ እመጣለሁ፣ እህቴ» አለ።

ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 8

ፋራህ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰ። እናትና ልጅ በሶማልኛ ረጅም ሰዓት አወሩ። የእኔ ሶማልኛ ከቲማቲምና ከሽንኩርት አያልፍም። እሷ አንገቷን ደፋች። እሱ ወደ እኔ ወጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጓሮው ላይ ለቤተሰቤ ሁለት ክፍል ልሠራ ነው፤ መስከረም ላይ ልጆቼን ትምህርት ቤት ላስገባ ብዬ። ሠራተኞቹ ቅዳሜ ጎጆውን ያፈርሳሉ። እሷን ያንኑ ቀን ቶጎጫሌ ይዣት እሄዳለሁ። እንዲህ ሆና ብቻዋን አትተውም።»

«እዚህ እኔ አለሁ እኮ» አልኩ።

«አንቺ የሰው ቤት ሠራተኛ አይደለሽም» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ከራት በፊት ተመልሶ ሄደ፤ ዓርብ ይመጣል።

ኤዶ ወደ እኔ ሳታይ አለፈች። ለምን እንዳኮረፈችኝ አልገባኝም። ንገሪው ብላ የላከችኝ እሷ ናት!

ነነዌን በግማሽ ልብ አስተማርኩ። ሳህራ ቀርታለች።

የዚህ ግቢ ነገር ከቅዳሜ በኋላ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። ማን ነው ኤዶ የሚለኝ?

ሐሙስ፣ የካቲት 9

እኔ ደደብ ነኝ። ልጻፈው፤ በትልቁ።

ከክፍል በኋላ ካርቶኑን ቤት አምጥቼ በረንዳው ላይ የአሦራውያኑን በሬ ስስል ነበር። የሰው ፊት፣ የንስር ክንፍ ያለው ነው፤ በቤተ መንግሥታቸው በር ግራና ቀኝ ያቆሙት ነበር። ኤዶ ኩርፊያዋን ማቆየት አትችልም። መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። መጀመሪያ ፒራሚዱን በጣቷ ነካች።

«እዚህ ማን ይኖራል?»

«ማንም። መቃብር ነው።»

«ለሞተ ሰው ይሄ ሁሉ ድንጋይ!» አለችና ወደ በሬው ዞረች። አየችው። አጎነበሰች። ዕድሜዋን ሙሉ ከብት የቆጠረች ሴት ናት።

«ኤዶ፣ ተሳስተሻል። አምስት እግር ነው።»

«አልተሳሳትኩም። ከፊት ስታዪው ሁለቱ እግሮቹ ተጣምረው ቆሟል። ከጎን ስታዪው በአራቱ ይራመዳል። ሁለቱም እንዲታይ ብለው አንድ እግር ጨመሩለት።»

ተነሳች። ካርቶኑን ከፊት አየችው፤ ከጎን አየችው፤ ተመለሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ሳምንት ሳቀች።

«ይቆማል። ይሄዳል። እንደ አቃሌ ነዋ!»

«እንደ አቅልሽ?» አልኩና እጄን ግንባሬ ላይ አደረግሁ።

እጄን ከግንባሬ ላይ አነሳችው። በራሷ እጅ ይዛ ወደ ጓሮ፣ ወደ ክብ ጎጆዋ አመለከተችበት። «አቃል! አቃል! ጭንቅላት አይደለም፤ ቤት!»

አራት ዓመት ጎጆ እያልኩ ስጠራት ስሟን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። አንዲት «ቅ»ን «ቃ» ብዬ ብሰማ ኖሮ! የምትጠፋው ጎጆዋ ነበረች። ቅዳሜ የምትጠፋው። እናቷ የሰጠቻት። ንገሪው ያለችኝ እንዳያፈርሳት ለምኚልኝ ማለቷ ነው። እኔ ግን ለልጇ እናትህ አብዳለች አልኩት።

ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሻርፗን አፏ ውስጥ ከትታ እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ አለቀና ልቅሶው ብቻ ቀረ። እኔም አብሬያት።

ወደ ውስጥ አስገባችኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ገብቼበት አላውቅም ነበር። አጥንቱ የግራር ሥር ነው፤ በእሳት አሙቀው ያጎበጡት። ሚስማር የለበትም፤ ሁሉም በገመድ የታሰረ ነው። በላዩ ሰሌን፣ ከዛፍ ልጥ የተፈተለ። እናቷ ሀርሺን ሆና ለኤዶ ሠርግ ሁለት ዓመት ሠርታዋለች። ሶማሌ ማግባትን «አቃል መግባት» ይለዋል። ሲጓዙ ይፈቱታል፣ ግመል ላይ ይጭኑታል፣ ሲደርሱ ይተክሉታል። የሚሠሩት ሴቶች ናቸው።

የእናቷን እጅ አሳየችኝ። ሰሌኑ ላይ አንድ ቦታ ልጡ ጠቆር ይላል። «እዚህ ስትደርስ ልጥ አለቀባት፣ ከሌላ ዛፍ አመጣች» አለች። ጉንጯን አስጠጋችበት።

«ፍርስራሽ ያልተወ ቤት።» አፈርኩ። አፈርኩ። አፈርኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 10

የሚሠራ፦ ለፋራህ መናዘዝ። ለአቃሉ ቦታ እንዲሰጠን ርዕሰ መምህሩን መለመን። ሳህራን ይቅርታ መጠየቅ።

ሳህራ ቀላሏ ሆነች። አቃል ስላት ፊቷ በራ። «አያቴ ጋ እኮ አለ! እናቴ ማሰር ትችላለች!»

ርዕሰ መምህሩ፣ «የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ? ለስንት ጊዜ?» አለኝ። «መኖሪያ አይደለም፣ ለታሪክ ትምህርት ነው» አልኩት። አመነታ። «ለፍየሎች በር እንዳትከፍቱ» ብሎ ፈቀደ።

ፋራህ ከጁምዓ ሰላት በኋላ መጣ። ቆሜ፣ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። «አቅል ያልኩህ አቃል ነው፤ እናትህ ደህና ናት፤ ጥፋቱ የእኔ ጆሮ ነው።»

የሚሰድበኝ መስሎኝ ነበር። የተከመረው ብሎኬት ላይ ተቀመጠና ፊቱን በፎጣው ሸፈነ።

«ደህና ናት?» አለ ከውስጥ።

«ከእኔ ትሻላለች።»

«ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም፣ እህቴ።» ስቆ ይሁን አልቅሶ አልለየሁም።

ቶጎጫሌ መውሰዱ ቀረ። ክፍሎቹ ግን አይቀሩም፤ ልጆቹ መስከረም ይመጣሉ፣ ሌላ ቦታ የለም። «አቃሉ መፍረሱ ነው» አለ አንገቱን ሰብሮ።

ኤዶ ከኋላችን ቆማ ስትሰማ ኖራለች። «አቃል አይፈርስም» አለች በአማርኛ፣ ሁለታችንም እንድንሰማ። «ይፈታል።»

ቅዳሜ፣ የካቲት 11

እጄ ቆስሏል፤ ብዙ አልጽፍም።

ሠራተኞቹ ዶማ ይዘው ሲመጡ ኤዶ ገመዱን መፍታት ጀምራ ነበር። ሳህራ፣ እናቷና ሰባት ሴት ተማሪዎች መጡ። ፋራህ ሊያግዝ እጁን ሲዘረጋ እናቱ መታችው፤ የሴት ሥራ ነው። ዶማ ከያዙት ጋር ተቀምጦ ሻይ ጠጣ። ሻዩ ሳይበርድ የአቃሉ ግማሽ ወርዷል።

ሁለት የአህያ ጋሪ በቃን። ግመል ባለመሆኑ ኤዶ አዝናለች። በመንገድ ዳር ያሉ አሮጊቶች እየተነሱ እልል አሉልን፤ ሙሽራ የምናስገባ መስሏቸው።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ስንተክል አንዱን ቋጠሮ እኔ አሰርኩ። ባለኝ ኃይል። ኤዶ በጣቷ ሞከረችው፣ አልላላ አለ።

«ይሄ ለሞተ ሰው ነው» አለችኝ። «ነገ እንዴት ልትፈቺው ነው?»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ። አምስቴ አሳየችኝ። በስድስተኛው ጠብቆ ያዘ፤ አንዱን ጫፍ ስትስበው ደግሞ ተፈታ። ከዲግሪዬ ይልቅ በዚህ ኮራሁ።

በመጨረሻ ካርቶኑን አውጥቼ ለሳህራ ከሰል ሰጠኋት። «ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ አንቺ አሳዪን።» ብዙ አሰበች። የትኛውም ደረጃ ላይ አላስቀመጠችውም። ከደረጃው ሥር፣ በቀረው ባዶ ቦታ፣ ግመል ሳለች። በግመሉ ጀርባ ላይ የተጫነ አቃል። ፒራሚዱንም ግንቡንም አልፎ የሚሄድ።

የግመሉ እግር ግን ሦስት ብቻ ነው። አራተኛውን ረስታዋለች። አልነገርኳትም።

እሑድ፣ የካቲት 12

ኤዶ ትላንት ከእኔ አጠገብ ባለው የብሎኬት ክፍል አደረች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሁለት ነገር ብቻ ይዛ ገባች፦ ፍየሏን (አስወጣናት) እና ያችን ጠቆር ያለ ልጥ ያለባትን ሰሌን። ሌላውን ለተማሪዎቹ ሰጥታለች፤ ያችን ግን ከመኝታዋ በላይ ሰቀለቻት። ትለምደው ይሆን ብዬ ስጨነቅ ነበር። ግድግዳው የማይተነፍስ ነው ብላኛለች።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተኝቼ ሳለሁ የክፍሌ በር ተንኳኳ።

«ሆዮ! ተነሺ፣ ሻይ።»

ሆዮ። ኤዶ አይደለም፤ እናት ልጇን የምትጠራበት ነው።

አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ከእንቅልፍ ስትነሳ ልጇ መስዬያት ይሆናል። ወይም የእውነት አቅሏ መጥፋት ጀምሮ ይሆናል። ወይም የማውቀው ቃል መስሎኝ እንደገና ሌላ ነገር ሰምቼ ይሆናል። እናቴ በመጨረሻ «የማን ልጅ ነሽ?» ካሉኝ ወዲህ ማንም እናት በስሜ ፈንታ እንዲህ ብላ ጠርታኝ አታውቅም።

ልጠይቃት አሰብኩ። ተውኩት። በዚህ ሳምንት ጆሮዬ በቂ ጥፋት አጥፍቷል።

«ሆዮ! ሻዩ ቀዘቀዘ!»

«አቤት» ልል አፌን ከፈትኩ። እንደ ደንቡ ግን የሚመለሰው ያው ቃል ነው።

«ሆዮ» አልኩ። «መጣሁ።»

ስኳሩን ሁለቴ ጨምራበታለች። ጠጣሁት።