የአውራ ጣቴ ጥፋት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ የሚያስቸግርሽ ራስ ምታት ለቀቀሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና መሆኔ ራሱ እያሳፈረኝ ነው እንጂ።

እናትሽ በስልክ፣ እግሬ ሲደነዝዝ ደብቄ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው ስትልሽ ሰማሁ። እንደተቆጣሻትም ፊቷን አይቼ ገባኝ። አትቆጫት፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። በስልክ ልነግርሽ ስል ምላሴ ስለሚተሳሰር ነው የጻፍኩልሽ።

ሐኪሞቹ ከጭኗ ደም ሥር ወስደው ለተዘጋው የእግሯ ደም ሥር መተላለፊያ ካበጁለት በኋላ፣ ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ ከእግሯ ጣቶች ከፍ ብላ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገች። አባባ፣ ጠዋትና ማታ እዚህ ላይ በሁለት ጣትዎ ትርታውን ያዳምጡ፤ ከጠፋ ወይ እግሯ ከቀዘቀዘ ሳይውሉ ሳያድሩ ይዘዋት ይምጡ፤ በአውራ ጣትዎ ግን አይንኩ፣ የራስዎን ትርታ ነው የሚሰሙት አለችኝ።

ዕድሜ ልኩን የስፌት መርፌ የወጋው የኔ ጣት እንኳን ትርታ እሳትም አይሰማው። ግን ያንቺ እኩያ ለሆነችው ነርስ፣ ጣቴ ደንዝዟል ማለት ሞት መሰለኝና እሺ ብዬ ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ። ቤት ገብቼ በሁለት ጣት ብዳስስ ብዳስስ ምንም የለም። በአውራ ጣቴ ስሞክር ድም ድም አለልኝ! የነርሷ ማስጠንቀቂያ ለማያውቅ ሰው ነው አልኩ። ጠዋት ጠዋት እግሯን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እንደ ፈረስ ይጋልባል እያልኩ ላንቺም በስልክ ጉራዬን ነዛሁ። ለካ የሚጋልበው የኔው ደም ነው። እግሯ ቀዝቀዝ ሲለኝም፣ ትርታው አለ ብዬ ካልሲ ደረብኩላት፤ ልብስ ሰፊ አይደለሁ፣ መላዬ ሁሉ ጨርቅ ነው።

ለቀጠሮ ስንሄድ ሐኪሙ የደሙን ፍሰት የሚያሰማውን መሣሪያ ቢያሳርፍበት ጭጭ አለ። ቶሎ ብትመጡ ኖሮ እግሯ ይተርፍ ነበር ብሎ ወደኔ ሲዞር፣ እናትሽ ቀድማው፣ እኔ ነኝ የደበቅኩት አለች። ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

ትናንት ብቻችንን ስንሆን ይቅርታ ጠየቅኳት። መቀዝቀዙን እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ ብላት ምን አለችኝ መሰለሽ? ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አጠገቤ ተቀምጠህ አታውቅም፤ እግሬን ይዘህ እንደዚያ ደስ ብሎህ ሳይህ፣ ቀዝቅዟል ብዬ እንዴት ላስነሳህ አለችኝ።

ወጥቼ በረንዳው ላይ አለቀስኩ። ልጄ፣ አምላክ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ሳትታመሚ አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰውም ይስጥሽ።

አባትሽ