የፍሬሽ ውጤት አይቆጠርም

ኅዳር 8
ውሃ መጣ። ልብስ አጠብኩ። ከሰዓት የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ግቢ ጉባኤው ለአዲሶቹ ተማሪዎች የግቢ ቤተሰብ አከፋፈለ። ሦስተኛ ዓመት ስለሆንኩ እናት ተባልኩ፤ ሁለት ልጆች ደረሱኝ። አንደኛዋ ዝምተኛ ናት። ሌላዋ ምስጢር ትባላለች፣ የአይከል ከተማ ልጅ። ጉንጬን ስማ፣ "ሰውነት የሚባለው ወንድሜ እዚሁ ጎንደር ነው የተማረው። ታውቂዋለሽ?" አለችኝ።

አውቀዋለሁ ወይ?...

ኅዳር 9
ምሳ አልበላሁም። ንዴት አጠገበኝ።

ፍሬሽ፣ አንደኛ ዓመት ሆኜ የግቢ አባቴ ሰውነት ነበር። "አይዞሽ ልጄ፣ የፍሬሽ ውጤት አይቆጠርም። ዘና በይ፣ ፒያሳን እወቂ" አለኝ። አባት ነው፣ ከሱ ሌላ ማንን ልመን? ፒያሳን አወቅኋት። ለካ ዲፓርትመንት የሚመደበው በዚያው ውጤት ነው! እያለቀስኩ ስሄድበት ከጓደኞቹ ጋር ሳቀብኝ። "ምነው፣ ቀልድ አታውቂም እንዴ?" ፋርማሲስት እሆናለሁ ብዬ መጥቼ ጂኦሎጂ ደረሰኝ። ይኸው ድንጋይ እለቅማለሁ።

ምስጢር ምን መማር ትፈልጋለች? ፋርማሲ። እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው።

ኅዳር 12
ሰውነት ደወለ። ሥራው መተማ ነው።

"ዳግማዊት እህቴ! አንቺ እጅ መግባቷ ሸጋ ሆነ። የምትልሽን ስሚ ብያታለሁ። አደራሽን።"

ረስቶታል! ጭራሽ ረስቶታል። ይቅርታ ቢለኝ ኖሮ... እንጃ። አላለኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ኅዳር 15
ምስጢርን "የፍሬሽ ውጤት አይቆጠርም" አልኳት። ሰውነት እንዳለኝ፣ ቃል በቃል።

"ሌሎቹ እኮ ይቆጠራል ይላሉ፣ እማ።"

"ማንን ታምኛለሽ?"

"አንቺን ነዋ!"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጥር 10
ከበዓሉ በኋላ ፈተና አለባት። "ላጥና ይሆን?" ብላ መጣች። "ጎንደር ሆነሽ ጥምቀትን? ፈተናው የትም አይሄድም" አልኳት። ቀሚሴን አዋስኳት። ሹሩባ ሠራኋት። እየሠራኋት አንዴ እውነቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር... ተውኩት። እኔን ማን ነገረኝ?

ሐምሌ 3
ምደባ ወጣ። ፋርማሲ አልደረሳትም።

ሰውነት ደወለ፣ እየጮኸ። "እንዴት አይቆጠርም ትያታለሽ? አንቺ አደራ በላ!"

"ምነው፣ ቀልድ አታውቅም እንዴ?"

"ያኔ እኮ እኔ..." ብሎ ጀመረ። ትዝ አለው! ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅኩ። ዶርም ያሉት ልጆች ምን ሆነች ብለው አዩኝ። ስንት ዘመን የያዝኩትን ቂም ተወጣሁ።

ሐምሌ 4
ምስጢር መጣች። ዓይኗ አብጧል። ልትሰድበኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጀሁ።

"ሰውነት ስለሰደበሽ ይቅርታ አድርጊለት፣ እማ። አታውቅም ነበር፣ እያወቀች አትጎዳኝም አልኩት። እምቢ ሲለኝ በማርያም ማልኩለት።"

በማርያም...

"ጂኦሎጂ ነው የደረሰኝ። ካንቺ ጋር ስለሆንኩ ግን ደስ ብሎኛል። መጽሐፎችሽን ታውሽኛለሽ አይደል?"

ልነግራት ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቼ ነበር። "ውሰጂያቸው" አልኳት። አቅፋ ሳመችኝ።