ስለ አሥራ አራተኛው ችካል

ለክቡር አቶ አያልነህ፥
የገበያ ማሳመር ኮሚቴ ሰብሳቢ፥
ወረታ።

ክቡር ሆይ፥

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ፤ እጅግ እንደምን ሰነበቱ። ጤናዎ፥ ጉልበትዎ፥ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሁለት ሱባዔ የነከሩት ወገብዎ እንደምን ነው? እመቤታችን ወይዘሮ እማዋይሽ፥ ልጆችዎ፥ ያች ሰጋር በቅሎዎም እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሰላምታው የረዘመብዎ እንደሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ኮሚቴው በመጋቢት ባወጣው መመሪያ የከተማ ሰው ሰላምታ ከሦስት ቃል እንዳይበልጥ መታዘዙን አንብቤአለሁ። ነገር ግን ትእዛዙ መንገድ ላይ ቆሞ ስለሚደረግ ሰላምታ ነው፤ እኔ ደግሞ ይህን የምጽፈው ቤቴ ተቀምጬ ስለሆነ መንገድ የዘጋሁ አይመስለኝም።

ስሜ ታከለ አበረ ይባላል፤ ከገበያው ዋርካ በስተጀርባ እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ሰድጄ የምሠራ ሸማኔ ነኝ። ላለፈው ጥምቀት የደረቡትን ጋቢ የሠራሁት እኔ ነኝና ትከሻዎን በስንዝር አውቀዋለሁ። ይህን ደብዳቤ ግልጽ ያደረግሁት ደፍሬ አይደለም፤ ኮሚቴው ማስታወቂያውን ሁሉ በዋርካው ግንድ ላይ ስለሚለጥፍ፥ የከተማ ሥርዓት ይህ መስሎኝ እኔም ከማስታወቂያው ጎን ለጥፌዋለሁ። ሙጫው የራሴ ነው።

በየገበያው ቀን ከዋርካው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቆመው፥ በወጣትነትዎ ስለኖሩበት ስለ አዲስ አበባ፥ የዛሬ አርባ ዓመት ስለነበረው ኑሮ ስለሚያስተምሩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። መስተዋት ስላለው ሱቅ፥ ባርኔጣ ደፍተው ከዘራ ይዘው ስለሚንሸራሸሩ ጌቶች፥ ያለ በቅሎ ስለሚሄድ ሠረገላ፥ ግድግዳ ላይ ሰው ስለሚሮጥበት ቤት ሲነግሩን፥ ጨው ሊሸጥ የመጣው ሰው ጨዉን ረስቶ ይሰማዎታል። ጨዉንም የሰው ላም ይልሰዋል። ከዚህ ትምህርት የተነሣ ወረታ ቶሎ ብላ ትልቅ ከተማ እንድትሆን ልዩ ልዩ መመሪያ ወጥቶልናል። እኔም ስለ መመሪያዎቹ ያሉኝን ጥቂት ሐሳቦች፥ ጊዜዎን ሳልሻማ፥ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ ሰላምታ። ባለፈው ሚያዝያ የይፋጓ እናኑ ወንድሟ ሞቶባት፥ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ በገበያው መካከል ስታልፍ፥ እኛ መመሪያ አክባሪዎች “እግዚአብሔር ያጥናሽ” ብለን አለፍን። አንድ ቃል ተርፎን ነበር፤ ምን እንደምንልበት ስንመካከር ግን ሄደች። አሁን ወደ ይፋግ ገበያ ስንወርድ ገና ከሩቅ ስታየን ፊቷን ታዞርብናለች። ስለዚህ ሥልጣኔ የሁላችንም ምስጋና ይድረስዎ።

፪ኛ/ ስለ አህያ። አህያ በኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ፊት እንዳይጮህ የወጣውን ማስታወቂያ ለአህዮቹ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። እስካሁን መልስ አልሰጡም፤ ሲሰጡ ከጽሕፈት ቤትዎ ይሰማል።

፫ኛ/ ስለ ሸክላ። ክቡርነትዎ “እኔ በኖርሁበት ከተማ ሸክላ የሚባል ነገር በገበያ አይታይም ነበር፤ ከተማ ማለት መስተዋትና ብረት ነው” ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ክቡርነትዎ ተሳስተዋል የሚል ቃል ከእኔ አፍ አይወጣም። ምናልባት በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ኖረው ይሆናል፤ ምክንያቱም እኔም በዚያው ዘመን፥ ገና ጢሜ ሳያቀመቅም፥ ጥጥ የጫኑ ነጋዴዎችን ተከትዬ ሄጄ፥ ከአራዳ ገበያ ዝቅ ብሎ በነበረ ደሳሳ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ሸማ እየሠራሁ ኖሬአለሁ።

በእኔዋ አዲስ አበባ አውቶሞቢል ነበረ፤ ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው ጎማውን ይውጠውና ሃያ ሰው እየዘፈነ ይጎትተው ነበር፤ ጌታውም ከውስጥ ሳይወርዱ “አይዟችሁ” ይሉ ነበር። ስልክ ነበረ፤ ጎረቤቴ የነበሩት ጸሐፊ፥ አለቃቸው በስልክ ሲጠሯቸው አስቀድመው ኩታቸውን አደግድገው፥ ለግድግዳው እጅ ነሥተው ነበር “አቤት” የሚሉት። መስተዋት ያለው ሱቅም ነበረ፤ ከገጠር የገባ ሰው ሁሉ ጥምጥሙን የሚያስተካክለው በዚያ ነበር፤ ባለሱቁም ደንበኛ መጣልኝ ብሎ በተነሣ ቁጥር የሚያገኘው ጥምጥም አስተካካይ ነበር። ሁለት ጌቶች በየአጀባቸው መካከል በቅሎ ላይ ሆነው መንገድ ላይ የተገናኙ እንደሆነ ደግሞ፥ ከሰላምታው ርዝመት የተነሣ እኔ ገበያ ደርሼ ስመለስ እዚያው ነበር የማገኛቸው። ሦስት ቃል ሲባል የሰማሁት እዚህ ወረታ ነው።

ያ ሁሉ ደስ ይል ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ውኃ የሚጠጣው በምን ይመስልዎታል? ሴቶች ከየምንጩ በእንስራ አዝለው እያመጡለት ነው። ጠላው በጋን፥ ጠጁ በገንቦ፥ ወጡ በድስት ነበረ። የሸክላ ተራው ከባርኔጣ ሱቁ ማዶ በግልጽ የሚታይ ነበር፤ ባርኔጣ የደፉትም ጌቶች ቤታቸው ሲገቡ የሚጠጡት ከእንስራ የተቀዳ ውኃ ነበር። ክቡርነትዎ ይህን ያላዩት ምናልባት መንገድ ሲሄዱ ቀና ብለው ስለሚሄዱ ይሆናል፤ ሸክላ ደግሞ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው።

፬ኛ/ ስለ አዲሱ የሸክላ ገበያ። ወደዚህ ለመድረስ ነው ይህን ሁሉ ያንዛዛሁት።

ሸክላ ከተማ ያስነውራል በተባለው መሠረት፥ ሸክላ ሠሪዎች ሁሉ ከዋርካው ሥር ተነሥተው ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ሜዳ ላይ እንዲሰፍሩ፥ ዕቃ የሚያስቀምጡባቸውም ጎጆዎች እስከ ሰኔ ሠላሳ ቀን እንዲፈርሱ ታዟል። አዲሱ ገበያ የሚመረቀው ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ፥ በገብርኤል ዕለት ነው ተብሏል። ሜዳውን በየካቲት ሄደው አይተውታል፤ በእውነቱ በየካቲት እሱን የሚያህል ሜዳ የለም፤ ደረቅ ነው፥ ለጥ ያለ ነው፥ ንጹሕ ነው። “ይህማ ጃንሜዳ ነው” ብለው ሃያ ችካል አስተከሉ፤ ኖራ አስቀቡ፤ ቁጥር አስጻፉባቸው። አሥራ አራተኛው ችካል ለአገኘሁሽ ደረሳት።

አገኘሁሽን ላስተዋውቅዎ። ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ናት፤ ከዋርካው ሥር ሸክላ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ገዥ እንስራውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ሲፈትን እሷ ፊቷን ወደ ሌላ ታዞራለች፤ ለዕቃው ዕቃው ራሱ ይመስክርለት ብላ ነው። በክረምት ጭቃው አይደርቅላትም፥ ኩበቱም አይነድላትም፤ ስለዚህ በጋውን ሙሉ ሠርታ፥ ተኩሳ፥ ጎጆዋ ውስጥ እስከ ጣሪያው ትደረድርና ከነሐሴ ጀምሮ፥ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ሰው ሁሉ ጠላ ሲጠምቅ ትሸጠዋለች። ዓመቱን የምትኖረው በዚያ ነው፤ ሌላ መሬት የላትም፥ ሌላ ከብት የላትም። ጎጆዋ አሁን ሞልቶ በሩ በግድ ነው የሚዘጋው። በሰኔ ሠላሳ ፈርሶ ዕቃው ወደ አሥራ አራተኛው ችካል ይወሰዳል ማለት ነው።

ክቡር ሆይ፥ እኛ የፎገራ ሰዎች በሐምሌ ያንን ሜዳ ሜዳ ብለን አንጠራውም። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲፈስ ከብቶቹ ወደ ከፍታው ይወጣሉ፥ ዓሣው ይገባል፤ ከጣና በኩል የሚመጡ ሰዎች በደንገል ታንኳ አቋርጠውት ያልፋሉ። ባለፈው ዓመት በዚያ አቅጣጫ የተረሳ ሞፈር የተገኘው በጥቅምት ነው፤ ያውም ሌላ ቀበሌ ሄዶ።

ታዲያ በየካቲት ስጠይቃችሁ ለምን አልነገራችሁኝም ይሉ ይሆናል፤ ደግ ጥያቄ ነው። እኛ ዘንድ ሹም ሲጠይቅ የጠየቀውን መመለስ እንጂ ያልጠየቀውን መጨመር እንደ ድፍረት ይቆጠራል። እርስዎም ዕድሜያቸውን ሁሉ በዚያ ሜዳ ከብት ያገዱትን አያ ስማቸውን “ሜዳው ጥሩ ነው?” ብለው ጠየቋቸው፤ እሳቸውም ባርኔጣዎን እያዩ “እሱስ ጥሩ ነው ጌታዬ” አሉ። “ሰፊ ነው?” አሏቸው፤ “ኧረ ሰፊ ነው” አሉ። የካቲት ነበርና አልዋሹም። ስለ ሐምሌ አልጠየቋቸውም፤ እሳቸውም አልጨመሩም፤ ተከትሎ የሄደው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እርስዎም በሕዝብ ፈቃድ ተወሰነ ብለው አስጻፉ።

ከነቀነቁት አንዱ እኔ ነኝ። የመለኪያውን ገመድ ጫፍ ይዤ የነበርሁት እኔ ነኝ። አሥራ አራተኛው ችካል ሲመታ አገኘሁሽ ዞር ብላ አየችኝ፤ አራት ዓመት ከተማ የኖረ፥ ፊደል የቆጠረ፥ ከሹም ጋር መነጋገር የሚያውቅ ጎረቤት አለኝ ብላ ነበርና። እኔ ገመዱን አየሁ። ስንመለስ መንገድ ላይ “አያ ታከለ፥ አንዲት ቃል እንኳ አጣህ?” አለችኝ። አፈርሁ፤ ዛሬም አፍራለሁ። ይህ ደብዳቤ በየካቲት መናገር የነበረብኝ ቃል ነው፤ ሦስት ወር ዘግይቶ ስለ ደረሰ እርስዎንም እሷንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎጆዋ አይፍረስ፥ እሷም ከዋርካው ሥር አትነሣ። ይህ የማይቻል ከሆነና ምረቃው የግድ በሐምሌ ይሁን ከተባለ ግን፥ እኛ ዝግጅታችንን ጨርሰናል። አያ ስማቸው የማይገለበጥ ታንኳ ለምነውልዎታል። ሪባኑ የሚታሰርባቸው ችካሎች በዚያን ጊዜ ከውኃ በታች ስለሚሆኑ፥ ሪባኑን ሁለት ዋናተኞች ግራና ቀኝ ሆነው ይይዙልዎታል። ንግግርዎን ከታንኳው ላይ ሳይነሡ እንዲያደርጉ፥ ባርኔጣዎንም በእጅዎ እንዲይዙ በአክብሮት እናሳስባለን። ሰላምታው በሦስት ቃል ቢያበቃ የዚያን ዕለት ማንም ቅር አይለውም።

ለክቡርነትዎ ረዥም ዕድሜ፥ ደረቅ እግር፥ ከፍ ያለ ወንበር፥ ቀና ብለው ሲሄዱም አልፎ አልፎ ወደ ታች የሚያይ ዓይን እየተመኘሁ፥ ከወገቤ ጎንበስ፥ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ፥
ታከለ አበረ፥
ሸማኔ፥ የቀድሞ ገመድ ያዥ።
ወረታ፥ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ባለፈው ሐሙስ ከቤትዎ የተላከች ሠራተኛ በጓሮ በኩል ወደ አገኘሁሽ መጥታ ነበር። ወይዘሮ እማዋይሽ ያሉት፥ ከከተማ የመጣው የብረት ድስት ሽሮውን ብረት ብረት እያሰኘ ጌታዬ በሸክላ ካልሆነ አልበላም ብለዋልና፥ አንድ ደኅና ድስት በጨርቅ ተጠቅልሎ ሰው ሳያየው ይላክልኝ ነው። አገኘሁሽ ድስቱን ሠርታ፥ ተኩሳ፥ አሟሽታ ጨርሳለች። ነገር ግን መመሪያ አክባሪ ናትና ክልክል በሆነው ቦታ ልትሸጥልዎ አልደፈረችም፤ በምረቃው ዕለት በሕግ በተመደበላት በአሥራ አራተኛው ችካል ላይ ታስረክብዎታለች። እስከዚያ በብረቱ ይታገሡ። ችካሉን ፈልገው ያጡት እንደሆነም አይጨነቁ፤ የአገኘሁሽ ድስት ቀዳዳ የለውምና ተንሳፎ ያገኙታል።