በር እንጨምራለን

ኦርዴል፣ ካንሳስ
ኦገስት 19

ውድ ልጄ ማረን፣

እኔም እናትሽም ደህና ነን። ሙቀቱ በቆሎውን አድርቆታል። በስልክ ስጠይቅሽ ወሬ ስለምትቀይሪብኝ ነው መጻፍ የመረጥኩት።

ማክሰኞ በስታዲየሙ አጥር በኩል ሳልፍ የፉትቦል ሜዳው ለውድድር ተቀብቶ አየሁ። መስመሮቹ ተሰምረዋል፤ የዩኒቨርሲቲያችን አርማም መሃል ላይ ተስሏል። በየዓመቱ በግራና በቀኝ የሚሳለው የሊጋችን አርማ ግን የለም። ቦታው ባዶ ሣር ነው። እዚህ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ፕሬዚዳንቱን ጠየቅሁት።

"ሊጉን ልንለቅ ነው ወይስ ቀለም አልቆብን ነው?"

አዳራሹ ሳቀ። "ሎዌል፣ ደግሞ ሣር መመርመር ጀመርክ?" አለኝ። "ቤታችንን አንለቅም፤ በር እንጨምራለን እንጂ።"

ማረን፣ ይህን አባባል አውቀዋለሁ። ባለፈው ኖቬምበር፣ ከባላንጣችን ከዌስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር ስንጫወት፣ ከመኪናዬ ኋላ ቆመሽ ቺሊውን፣ ያን የእናትሽን የሥጋና የባቄላ ወጥ፣ በቀረፋ ዳቦ እየበላሽ ቃል በቃል ብለሽዋል። ኮሌጆች ሊግ ሲቀይሩ የምታማክሪው አንቺ ነሽ። ሰውየው ታዲያ ከየት አመጣው? ያን ዕለት ደግሞ "አባዬ፣ ለጨዋታ ብለህ አውሮፕላን ትሳፈራለህ?" ብለሽኛል። እኔ ሞኙ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ትናንት ጎረቤታችን ኤልመር፣ ያ የዌስተን ደጋፊ፣ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጮኸብኝ።

"ፈሪ ሁላ! ኖቬምበር ላይ እንደ ወንድ እኛን መግጠም ሲገባችሁ፣ ውቅያኖስ ዳር ወዳለ ሊግ ምን ያስሮጣችኋል?"

"ማን ነገረህ?"

"ካንተ በቀር ያልሰማ የለም፣ ፕሮፌሰር!"

እናትሽ ከበረንዳው ሆና "እኔም ሰምቻለሁ" አለች። ከማን እንደሰማች ብጠይቃት ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ሳህኑ ሁሉ ታጥቦ አልቆ ነበር።

ሎስ አንጀለስ ከሄድሽ ወዲህ ለምስጋና ቀን አልመጣሽም፤ ለገናም አልመጣሽም። ለዌስተን ጨዋታ ግን ቀርተሽ አታውቂም። ሊጉን ከለቀቅን ያ ጨዋታ ይቀራል። ሊጉን እንድንለቅ ስትመክሪ ይህን አስበሽዋል?

እንደሚወራው ከሆነ፣ በሚመጣው ዓመት የዌስተን ጨዋታ ይውልበት በነበረው ቅዳሜ እዚያው ሎስ አንጀለስ እንጫወታለን። ካርታ አየሁ። ስታዲየሙ ከቤትሽ በእግር ይኬዳል። እኔ ደግሞ በአጋጣሚ የማምን ሰው አይደለሁም። አንቺ መምጣት ሰልችቶሽ ጨዋታውን ወደ ደጅሽ አዛወርሽው? ወይስ በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ቤትሽን ያላየነውን እኛን ለማምጣት ነው? የትኛው እንደሆነ ንገሪኝ። የመጀመሪያው ከሆነ ይቅር አልልሽም።

ለማንኛውም አልመጣም። ዌስተን የሌለበት ኖቬምበር ኖቬምበር አይደለም።

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፤ ክፉ ሰው አይጠጋሽ። ለሌሎች ምክር ትሸጫለሽ፤ ለአባትሽ ግን እውነቱን በነፃ ንገሪው።

አባትሽ
ሎዌል

እናትሽ የቺሊው ትልቅ ድስት ከአውሮፕላን መቀመጫ በላይ ባለው የዕቃ ሣጥን ይገባ እንደሆነ አጣራልኝ ብላኛለች። ለካሁት፤ አይገባም። አንቺ እዚያው ትልቅ ድስት ግዢ።